መንገድ ላይ ፍሪጅ ምን ይበላል? የአንኮበር ቁልቁለትና የቅዝቃዜ ታሪክ

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰው ለዕረፍት ሲወጣ ትንሽ ቤት ከመኪናው ጀርባ ቀጥሎ ይጓዛል። ተሳቢዋ ቤት አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ ፍሪጅም አላት። እነዚህን ተጓዦች ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ተሳቢዋ እየተጎተተች ሳለ ፍሪጁ ኃይል ከየት ያግኝ? ከቤት ሳይወጡ ሶኬት አለ። ያረፉበት ቦታ ሲደርሱ የጋዝ ሲሊንደር አለ። በመሃል ያለው መንገድ ግን ባለቤት የለውም።

ለዕረፍት ተጓዡ ነገሩ ቢበዛ የአንድ ኪሎ ሥጋና የጥቂት ቢራ ጉዳይ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በአንኮበር አፋፍ ወደ ቆላው ለሚወርድ የክትባት ሳጥን ሲሆን ይኸው ጥያቄ የሕፃን ሕይወት ይሆናል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይዳከማል፤ አንዳንዱ ደግሞ በረዶ ሲሆን ይበላሻል። የተበላሸ ክትባት ሕፃኑን አይገድለውም። የሚያደርገው ከዚያ የባሰ ተንኮል ነው፤ እናት ልጄ ተከትቧል ብላ ካርዷን ይዛ ትመለሳለች፣ ልጁ ግን አልተከተበም።

የቅዝቃዜ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የፍሪጅ ታሪክ ተደርጎ ነው። ማን ፈለሰፈው፣ መቼ ወደ ቤት ገባ፣ ስንት ከተማ ደረሰ ይባላል። ከባዱ ክፍል ግን ሁልጊዜም መንገዱ ነበር። የሰው ልጅ ለዚህ መንገድ እስካሁን ያገኘው መልስ ሦስት ብቻ ነው። አንደኛው፣ ዕቃው ቅዝቃዜ እንዳይፈልግ አድርጎ ማድረቅ። ሁለተኛው፣ ቅዝቃዜውን አስቀድሞ መሰነቅ። ሦስተኛው፣ ሞተሩን ራሱን ተሸክሞ መሄድ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ጉዞ የሚፈትን ቦታ ካስፈለገ ደግሞ አንኮበር አለች።

ግመሉ የሚቆምበት ቦታ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የሆነችው በአቀማመጧ ነው። በምዕራብ በኩል የደብረ ብርሃን ደጋ፣ በምሥራቅ በኩል ወደ አዋሽ ሸለቆና ወደ አፋር የሚወርደው ገደል ይዋሰናታል። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚህች አጭር መንገድ ግን ተጓዡ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያቋርጥና አንኮበር ላይ ወደ 2,500 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ከዚያ አልዩ አምባን አልፎ ቁልቁል ከቀጠለ፣ ጠዋት ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥላ ፍለጋ ይገባል። አባቶች የአገሩን አየር ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው ከፍለውታል። እዚህ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ እንደ ደረጃ ተደርድረዋል።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ 1813–1847) ከታጁራ ወደብ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ በአፋር በረሃ አልፎ ወደ ሸዋ የሚገባው በዚሁ በር ነበር። አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ዕቃ በግመል ይመጣል። ግመሉ ግን ተራራውን አይወጣም። ከቁልቁለቱ ግርጌ ፋሬ ላይ ይቆማል፤ ጭነቱ ይራገፍና ወደ አህያ፣ ወደ በቅሎ፣ ወደ ሰው ትከሻ ይዛወራል። እ.ኤ.አ በ1841 በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከቦምቤይ በኤደንና በታጁራ በኩል ሲመጣ ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 16 ቀን 1841 አንጎለላ ላይ ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራርሟል። ከዚያ በፊት ግን የያዘው ስጦታና ጓዝ ሁሉ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ጭነት ከግመል ወርዶ ዳገቱን በትከሻ ወጥቷል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። መንገድ አንድ ነገር አይደለም፤ የቅብብሎሽ ሰንሰለት ነው። ዛሬም ክትባቱ ከአዲስ አበባ በትልቅ መኪና ይነሳል፣ በፒክአፕ ወደ ወረዳ ይደርሳል፣ ከጤና ጣቢያ በሞተር ሳይክል ወይም በበቅሎ ይቀጥላል፣ በመጨረሻ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። የጤና ባለሙያዎች ይህን «የቅዝቃዜ ሰንሰለት» ይሉታል። ሰንሰለት የሚበጠሰው በቀለበቶቹ መገናኛ ነው፤ ግመሉ በሚቆምበት ቦታ።

የመጀመሪያው መልስ፦ ማድረቅ

ፍሪጅ ከመፈልሰፉ በፊት ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ይርበው ነበር? አልነበረም። ቋንጣ ነበር፣ በሶ ነበር፣ ድርቆሽ ነበር፣ ዳቦ ቆሎ ነበር፣ ንጥር ቅቤ ነበር። በ1888 ዓ.ም ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግሩ የተጓዘው እንዲህ ያለውን ስንቅ ተሸክሞ ነው። እነዚህን ምግቦች ሁሉ አንድ ዘዴ ያገናኛቸዋል፤ ውሃን ማስወገድ። ሥጋው ሲደርቅ፣ ገብሱ ሲቆላ፣ እንጀራው ሲደርቅ፣ ቅቤው ሲነጠር የሚወጣው ውሃ ነው። ውሃ ከሌለ ተህዋሲ አይራባም፤ ተህዋሲ ካልተራባ ቅዝቃዜ አያስፈልግም። የመንገዱን የኃይል ጥያቄ ለመመለስ ከሁሉ ብልጡ መንገድ ጥያቄውን ማስቀረት መሆኑን ቤት ያለች እናት ከመሐንዲሱ ቀድማ ታውቀው ነበር።

ዓለም ይህን ብልሃት ወደ ክትባት ለማምጣት ግን አንድ ክፍለ ዘመን ተኩል ፈጅቶበታል። የፈንጣጣ ክትባት እ.ኤ.አ በ1796 ሲገኝ ትልቁ ችግር ማጓጓዝ ነበር። ፈሳሹ በሙቀት ቶሎ ይሞታል። እ.ኤ.አ በ1803 የስፔን መንግሥት በሐኪሙ ፍራንሲስኮ ዣቪየር ደ ባልሚስ መሪነት ክትባቱን ወደ አሜሪካ አህጉር ሲልክ ያገኘው መፍትሔ ዛሬ ሲሰማ ያስደነግጣል። 22 ወላጅ አልባ ወንድ ልጆች በመርከብ ተጫኑ። ጥቂቶቹ ይከተባሉ፤ ክንዳቸው ላይ ከወጣው ቁስል ፈሳሽ ተወስዶ ለሚቀጥሉት ይሰጣል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ውቅያኖሱን አሻገሩት። ልጆቹ ራሳቸው ፍሪጅ ሆኑ ማለት ነው።

መፍትሔው የመጣው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ ነው። ለንደን በሚገኘው ሊስተር ኢንስቲትዩት ሌስሊ ኮሊየር የተባለ ተመራማሪ የፈንጣጣን ክትባት አቀዝቅዞ በማድረቅ በብዛት የሚመረትበትን መንገድ አገኘ። የደረቀው ዱቄት በ37 ዲግሪ ሙቀት ከአንድ ወር በላይ ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ለመስጠት ሲፈለግ ብቻ በፈሳሽ ይበጠበጣል። በአጭሩ፣ የክትባት ቋንጣ ነው።

ይህ ግኝት ለኢትዮጵያ ምን እንደሠራ ለማወቅ የፈንጣጣን ዘመቻ ማስታወስ ይበቃል። ዘመቻው በጥር 1963 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1971) ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ይኖር ነበር። ከታጣፊ ጎጆ እስከ ተራራ ጫፍ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ክትባት ሰጪዎችና ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች በእግር፣ በበቅሎ፣ አንዳንዴም በሄሊኮፕተር ተጓዙ። በመሃል ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፣ አብዮት ፈነዳ፣ ጦርነት ተነሳ። እንዲያም ሆኖ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመም በነሐሴ 1968 ዓ.ም በባሌ ክፍለ ሀገር ኤል ከሬ አውራጃ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተመዘገበ። አገሪቱ መደበኛ የክትባት ፕሮግራሟን የጀመረችው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1980 ነው። ከሁሉ የከፋው ወረርሽኝ የተሸነፈው የገጠሩ ፍሪጅ ገና ሳይደርስ ነበር ማለት ነው፤ ክትባቱ መንገድ ላይ የሚበላው ኃይል ስላልነበረው።

ሁሉም ክትባት ግን ቋንጣ አይሆንም። የፖሊዮ ጠብታ ሙቀትን እጅግ የሚፈራ ፈሳሽ ነው። የኩፍኝ ክትባት ደርቆ ቢመጣም ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ሕፃናትን ከአምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንትም ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መልስ አስፈለገ።

ሁለተኛው መልስ፦ ቅዝቃዜን መሰነቅ

የሃሪስ ቡድን አንኮበር ከመድረሱ ከስምንት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ በ1833፣ ከአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ አንዲት መርከብ 180 ቶን ገደማ የሐይቅ በረዶ ጭና ወደ ካልካታ ተነሳች። ጉዞው አራት ወር ፈጀ፤ የምድር ወገብንም ሁለት ጊዜ አቋረጠ። የካልካታ ሰው ሲያየው ማመን አቃተው፤ ወደ 100 ቶን የሚሆነው በረዶ ሳይቀልጥ ደርሷል። ነጋዴው ፍሬድሪክ ቱዶር ሞተር አልነበረውም። የነበረው የእንጨት ፍቅፋቂና በደንብ የታሸገ የመርከብ ሆድ ብቻ ነው።

የዚህ ተአምር ምክንያት ፊዚክስ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ወደ ውሃ ለመቀየር ብቻ የሚወስደው ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ከሚያሞቀው ጋር እኩል ነው። ያን ሁሉ ሙቀት ውጦ እስኪጨርስ ድረስ የራሱ ሙቀት ከ0 ዲግሪ አይነቃነቅም። በረዶ የቅዝቃዜ ባትሪ ነው። ሽቦ አይፈልግም፣ ዝገት አያውቅም፣ በውሃ ብቻ ይሠራል።

ዛሬ በአንኮበር ቀበሌዎች በጤና ሠራተኛዋ ትከሻ ላይ የሚታየው ቫክሲን ካሪየር ከዚያች መርከብ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ በአራት ጎን አራት አይስፓክ፣ በመሃል ክትባት። በየቦታው ክዳኑ ካልተከፋፈተ ቢያንስ አንድ ቀን ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከፍ ያለው ኮልድ ቦክስ ደግሞ ለበርካታ ቀናት ያቆያል። እ.ኤ.አ ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን ወደ ገጠር ቀበሌ ሲያሰማራ፣ አገሪቱ የመጨረሻውን መንገድ ያሸነፈችው በዚህ ሳጥንና በእነዚህ ሴቶች እግር ነው።

አይስፓኩ ግን አንድ ቦታ ላይ መርጋት አለበት። በረዶውን የሚሠራው ማነው?

ሦስተኛው መልስ፦ ሞተርን መሸከም

እ.ኤ.አ በ1922 ስቶክሆልም ውስጥ ባልታዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ወጣት ተማሪዎች እሳት እየበላ ብርድ የሚሰጥ ማሽን ሠሩ። ነበልባሉ አሞንያን ከውሃ ይለያል፤ አሞንያው ወጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ወርዶ ሲተን ከሳጥኑ ውስጥ ሙቀት ይወስዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ከውሃ ጋር ይዋሃዳል። የሚንቀሳቀስ ብረት የለውም፣ ድምፅ የለውም። ኤሌክትሮሉክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1925 ገበያ ላይ አወጣው።

ይህ ማሽን ሁለት ልጆች ወለደ። አንደኛው የተሳቢ ቤቶቹ ፍሪጅ ነው፤ ሦስት ዓይነት ምግብ ስለሚበላ ዝነኛ ሆነ፦ ጋዝ፣ የቤት መብራት፣ የመኪና ባትሪ። ሁለተኛው መብራት ባልደረሰበት ገጠር የክትባት ጠባቂ የሆነው የላምባ ፍሪጅ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ጤና ጣቢያ ለአሥርት ዓመታት የተዳደረው በእርሱ ነው። በቀን ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ላምባ ይጠጣል። ክሩ በየጊዜው መቆረጥ፣ ጭስ ማውጫው መጠረግ አለበት። ላምባው ቆሻሻ ከሆነ ነበልባሉ ይጨሳል፣ ብርዱም ይጠፋል።

ሁለቱም ልጆች ከአባታቸው አንድ ድክመት ወርሰዋል። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ የሚፈሰው በገዛ ክብደቱ ስለሆነ ፍሪጁ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካጋደለ ዝውውሩ ይቋረጣል። በሚሄድ መኪና ላይ ነበልባል መያዝም አደጋ ነው፤ ነፋስ ያጠፋዋል፣ ነዳጅ ማደያ ሲገባ ደግሞ ነገር ይመጣል። ስለዚህ የላምባው ፍሪጅ የቆመ ዘበኛ ነው፤ መንገድ አይወጣም።

የተሳቢው ባለቤት «እሺ፣ ከመኪናው ባትሪ ይብላ» ይላል። እዚህ ላይ ሒሳቡ ይጠነክራል። እንዲህ ያለ ፍሪጅ በ12 ቮልት ሲሠራ 150 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህ 12 አምፔር ተኩል ነው። ኃይሉ ከመኪናው ዲናሞ ተነስቶ እስከ ተሳቢው ጀርባ በሽቦ መጓዝ አለበት። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነና የ6 ሜትር ርቀት ሄዶ ከተመለሰ፣ ከ13.8 ቮልቱ 1 ቮልት ተኩል የሚያህለው መንገድ ላይ ይቀራል። ማሞቂያው የሚያገኘው ኃይል ከቮልቱ በፈጠነ መጠን ስለሚወርድ ጉልበቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሾፌሩ ለምሳ ቆሞ ሞተር ካጠፋ ደግሞ ፍሪጁ የመኪናውን ባትሪ መብላት ይጀምራል፤ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሁለት ሰዓት ተኩል ግማሹን ያጣል። ከምሳ በኋላ የሚጠብቀው መኪና መግፋት ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ወፍራም ሽቦ ይዘረጋሉ፣ ሞተር ሲጠፋ መስመሩን የሚቆርጥ ሪሌ ያስገባሉ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ ፍሪጁን ከመነሳታቸው ከአንድ ቀን በፊት ቤት ሶኬት ላይ ሰክተው በደንብ ያቀዘቅዙታል። የሦስተኛው መልስ ሊቃውንት ሳይቀሩ ዞረው የሚመለሱት ወደ ሁለተኛው መልስ ነው።

ሦስተኛውን መልስ በእርግጥ ያሸነፈው ሰው ሌላ ነው። ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ በልጅነቱ ወላጅ አልባ የሆነ፣ ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየ፣ ሜካኒክነትን ራሱን ያስተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ በ1938 ከነጋዴው ጆሴፍ ኑሜሮ ጋር በመሠረቱት ኩባንያ የጭነት መኪናን የሚያቀዘቅዝ ማሽን ሠራ። ኩባንያው በኋላ ቴርሞ ኪንግ በሚል ስም ታወቀ። የጆንስ ብልሃት ከመኪናው ኃይል አለመለመን ነው፤ ማቀዝቀዣው የራሱ ሞተር አለው። መኪናው ቢቆም፣ ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ቅዝቃዜው ይቀጥላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእርሱ ማሽኖች ለጦር ሜዳ ደምና መድኃኒት ጠብቀዋል። ዛሬ ከኢትዮጵያ እርሻዎች አበባ ይዘው ወደ ቦሌ የሚሮጡ መኪናዎች፣ በአሜሪካ አውራ ጎዳና ብዙ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች የሚነዷቸው ባለ ማቀዝቀዣ ተሳቢዎች ሁሉ የዚያ ሰው ውርስ ናቸው።

የጆንስ ማሽን ግን አስፋልት ይፈልጋል፣ ናፍጣ ይፈልጋል፣ ሜካኒክ ይፈልጋል። በየካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን የኮቪድ ክትባት ቦሌ ሲያርፍ አውሮፕላኑም መጋዘኑም ቀዝቃዛ ነበሩ። ከዚያ ሰንሰለት ከአልዩ አምባ በታች ያለው ቀለበት ግን ያው ሳጥንና ያው ትከሻ ነው።

ብርዱም ጠላት ሲሆን

አንኮበርን ከሌላው መንገድ የሚለያት አንድ ነገር ይቀራል። ስለ ክትባት ሲነሳ ሁሉም የሚፈራው ሙቀትን ነው። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምች ክትባት፣ የቴታነስ ክትባት፣ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት፣ እነዚህ ሁሉ በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ። ሲቀልጡ ደህና ይመስላሉ። ለዓይን አይታወቁም። የሰለጠነ ባለሙያ ብልቃጡን በኃይል ነቅንቆ፣ ዝቃጩ እንዴት እንደሚወርድ ከሌላ ጋር አስተያይቶ ካልመረመረ በቀር ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ከደጋው የሚነሳው ሳጥን ሁለት ጠላት አለው። ጠዋት ብርዱ፣ ከሰዓት ሙቀቱ። ቆላው ይሞቃልና በረዶ ይብዛ ብሎ ከፍሪዘር የወጣ ደረቅ አይስፓክ ቀጥታ የሚያስገባ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል፤ ክትባቱን ከሙቀት ሲያድን ገና ከከተማው ሳይወጣ በብርድ ይገድለዋል። መመሪያው የሚለው አይስፓኩ ውጭ ተቀምጦ ሲነቀነቅ በውስጡ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ መጠበቅ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ሲያጣድፍ፣ እናቶች ከሌሊት ጀምረው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ያቺን ግማሽ ሰዓት መታገሥ ቀላል አይደለም። የቅዝቃዜ ሰንሰለት ጥንካሬ የሚለካው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

ባለፉት ዓመታት ብዙ ነገር ተሻሽሏል። የላምባው ፍሪጅ ቦታውን ለሶላር ፍሪጅ እየለቀቀ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሶላር ፍሪጆች ኃይላቸውን በባትሪ ያስቀምጡ ነበር፤ ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሞት ፍሪጁም አብሮ ይሞታል። አዲሶቹ ባትሪ የላቸውም። ፀሐይ ባለችበት ሰዓት በግድግዳቸው ውስጥ ያለውን ውሃ በረዶ ያደርጋሉ፣ ሌሊቱን በበረዶው ያድራሉ። የ1833ቱ የቱዶር ሐሳብ በፀሐይ ጉልበት ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ ከ1996 ጀምሮ ደግሞ በብልቃጡ ላይ ሙቀት ሲበዛ ቀለሙ የሚጠቁር ትንሽ ምልክት መለጠፍ ተጀምሯል፤ ስለ ውርጭ ግን ያ ምልክት አይናገርም። እ.ኤ.አ በ2012 የማጅራት ገትር ክትባት እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ለአራት ቀን ከፍሪጅ ውጭ እንዲቆይ ተፈቅዶለታል። በረዶ የሆነ አይስፓክ ቢገባባቸውም ክትባቱን ከመርጋት የሚጠብቁ አዳዲስ ካሪየሮችም ወጥተዋል።

ቢሆንም የሪፖርት ቋንቋ የሚወደው የቆመ ነገር መቁጠር ነው። ስንት ፍሪጅ ተተከለ? ስንት ጤና ኬላ ሶላር አገኘ? እነዚህ ይመረቃሉ፣ ይፎቶግራፋሉ። ሳጥኑ ከፍሪጁ ወጥቶ ሕፃኑ ጋ እስኪደርስ ያለፈው ሰዓት ሪባን አይቆረጥለትም። የሞተር ሳይክሉ ነዳጅ፣ የበቅሎው ኪራይ፣ የተሰነጠቀው የካሪየር ክዳን፣ የጠፋው አይስፓክ፣ የሠራተኛዋ የውሎ አበል፣ እነዚህ ናቸው ክትባቱን የሚያደርሱት ወይም የሚያስቀሩት።

ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ይህ ሰዓት ይረዝማል። በኅዳር 2014 ዓ.ም ውጊያው ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህም የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ሲኖር፣ መንገድ መዘጋት የዕለት ወሬ ሆኗል። ኬላ ላይ ሰው ሊደራደር ይችላል። አይስፓክ አይደራደርም። የተዘጋው መንገድ በየትኛው ወገን እንደተዘጋ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይቀልጣል። ለክትባት ሳጥን መንገድ መክፈት የማንም ድል የማንም ሽንፈት ሊሆን አይገባውም። በሌሎች አገሮች ተዋጊዎች ለክትባት ቀናት ተኩስ አቁመው ያውቃሉ፤ ኤልሳልቫዶር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) በእርስ በርስ ጦርነቷ መካከል አድርጋዋለች።

አገሪቱ ዛሬ ስለ ኃይል በትልቁ ታወራለች፤ መብትም አላት። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪናውም በዝቷል። የአንድ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢይዝ፣ በቀን ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በታች የሚበላ ትንሽ የኮምፕሬሰር ፍሪጅ በስሌት ሁለት ወር ያሠራል። የዕረፍት ተጓዦቹ ክርክር በዚህ ሊያበቃ ይችላል። የአንኮበር ግን አያበቃም፤ መኪናው፣ የኤሌክትሪክም ሆነ የናፍጣ፣ ከቁልቁለቱ አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። ከዚያ በታች ያለው እግር ነው።

ስለዚህ ወረዳው ከፍሪጁ ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር ይመዝግብ፦ ሳጥኑ መንገድ ላይ ስንት ሰዓት ቆየ? ከዚያም በየሳጥኑ ውስጥ የሙቀት መመዝገቢያ ይግባ፤ ወደ ቆላው የሚወርዱት አዲሶቹን ካሪየሮች ይቅደሙ፤ የነዳጅና የበቅሎ በጀት ከግንባታ በጀት በፊት ይጠበቅ። እነዚህ ከአንድ መጋዘን ግንባታ ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቁ ነገሮች ናቸው።

የድሮዎቹ የሸዋ ነጋዴዎች ግመሉ እንደማይወጣ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ፋሬ ላይ በቅሎው፣ አህያውና ተሸካሚው ጭነቱን ይጠብቁት ነበር። ዛሬም ክትባቱ ከመኪናው የሚወርድበት ቦታ ይታወቃል። ጥያቄው እዚያ ማን ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ምንስ ይዞ ነው።